ለክረምት ችግኝ ተከላ ከውጭ አገር ወደ ደሴና ኮምቦልቻ ለሚመጣ ተማሪ

ለክረምት ዕረፍት መጥተው ደሴና ኮምቦልቻ አካባቢ ችግኝ ለመትከል የሚያስቡ ተማሪዎች መጀመሪያ የሚጠይቁት «ስንት ችግኝ እንተክላለን?» ብለው ነው። መጠየቅ ያለበት ጉድጓዱን ማን እንደቆፈረው፣ ተከላው ካለቀ በኋላም ፍየሉን ማን እንደሚከለክል ነው። ወሎ በመትከል አይታማም። ከ1966ቱና ከ1977ቱ ረሃብ በኋላ በምግብ ለሥራ ፕሮግራም በየተራራው እርከን ሲሠራና ችግኝ ሲተከል ኖሯል። ገበሬው ግን ዛፉን «የመንግሥት ነው» ብሎ ያየው ስለነበር በ1983 የመንግሥት ለውጥ ሰሞን ከተተከለው ብዙው ተጨፈጨፈ። ሐምሌ 22 ቀን 2011 በአንድ ጀምበር ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ከተነገረ ወዲህም ሰው በብዛት የሚወጣው ለተከላው ቀን ነው። እጅ የሚያጥረው ከዚያ በፊትና ከዚያ በኋላ ነው። ሁለት ሦስት ሳምንት ብቻ ያለው ተማሪ ጉልበቱን እዚያ ላይ ቢያውለው ይበልጥ ይጠቅማል።

መቼ መምጣት

አካባቢው በዓመት ሁለት ዝናብ አለው። በልጉ ከየካቲት መጨረሻ እስከ ሚያዝያ ይዘንባል፤ አንድ ዓመት ይመጣል፣ ሌላ ዓመት ይቀራል፤ ስለዚህ በእሱ ተማምኖ ዛፍ የሚተክል የለም። ተከላ የክረምት ሥራ ነው። ዝናቡ አብዛኛውን ጊዜ በሐምሌ መጀመሪያ ይጸናል፣ መስከረም ሲገባ ይቀንሳል። የመጀመሪያው ዶፍ ወርዷል ተብሎ ግን አይተከልም። ዶማ አስገብታችሁ አፈሩ እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ድረስ መራሱን እዩ፤ ላዩ ጭቃ ሆኖ ታቹ ደረቅ ከሆነ ጥቂት ቀን ጠብቁ። ከነሐሴ አጋማሽ በኋላ የሚተከለው ደግሞ ሥሩን ሳይሰድ ዝናቡ ይቋረጥበታል፤ ጥቅምት ላይ ቅጠሉ ሲጠወልግ ሰዉ «ውሃ አጣ» ይላል እንጂ እውነቱ ዘግይቶ መተከሉ ነው።

በፈረንጅ አቆጣጠር ሐምሌ 1 ጁላይ 8 ላይ ይውላል፣ ነሐሴ 10 ደግሞ ኦገስት 16 ላይ። ትኬታችሁን በእነዚህ ሁለት ቀኖች መካከል ብታደርጉት ጥሩ ነው። ትምህርት ቤታችሁ ቀደም ብሎ የሚዘጋ ከሆነና ሰኔ ላይ መድረስ ከቻላችሁ የተሻለ ነው፤ የጉድጓድ ቁፋሮው ላይ ትደርሳላችሁ። በፈረንጅ ገና ዕረፍት የሚመጣም ሥራ አያጣም። ዕረፍቱ እስከ ጥር ለሚዘልቅለት፣ ጥርና የካቲት ኅብረተሰቡ በነፃ ጉልበቱ እርከንና ትሬንች (ውሃ የሚያስቀር ቦይ) የሚሠራበት የተፋሰስ ዘመቻ ወቅት ነው። ችግኝ ጣቢያዎችም በበጋ አፈር ሲነፉና ችግኝ የሚያድግበትን የላስቲክ ቱቦ ሲሞሉ ይከርማሉ። ቱቦ መሙላት ፎቶ ላይ ብዙ አያምርም፤ ሆኖም ሁልጊዜ ሰው የሚጎድለው ሥራ እሱ ነው።

የሥራ ቀን ስትቆጥሩ ከባዕላቱ ጋር አስማሙ። በኦርቶዶክስ ክርስቲያኑ ዘንድ ወር በገባ በ12 ሚካኤል፣ በ19 ገብርኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔዓለም፣ እንዲሁም እሑድ አፈር የማይነካ ገበሬ ብዙ ነው። ሐምሌ ላይ በ5 ጴጥሮስ ወጳውሎስ፣ በ7 ሥላሴ ይጨመራሉ። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ፍልሰታ ነው፤ ጾመኛው ከረፋድ በኋላ ስለሚደክም ከባዱን ሥራ ጠዋት ጨርሱ። ዓርብ ደግሞ ሙስሊሙ ለጁምዓ ስለሚሄድ የዓርብን ሥራ ከ5 ሰዓት ተኩል በፊት አጠናቅቁ። በደሴና በዙሪያዋ ሁለቱም እምነት በአንድ ቤት፣ በአንድ ደቦ ውስጥ ስለሚገኝ ምሳ ስታዘጋጁ ሁለቱንም አስቡ፤ የጾም ወጥ ለሁሉም ይሆናል።

ሰዓቱን ነገር አትርሱ። «2 ሰዓት እንገናኝ» ከተባላችሁ ጠዋት ነው፣ በስልካችሁ 8:00 ይላል። በመጀመሪያው ቀን መኪና የሚያመልጠው ተማሪ ብዙውን ጊዜ በዚህ ነው።

ወረቀትና ጉዞ

ትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ያለው ቪዛ አያስፈልገውም። የሌለው ከማመልከቱ በፊት ለበጎ ፈቃድ ሥራ የሚሆነው የቪዛ ዓይነት የትኛው እንደሆነ ኤምባሲውን ይጠይቅ፤ በቱሪስት ቪዛ መጥቶ «ሥራ ልሠራ ነው» ማለት ኤርፖርት ላይ ያጨቃጭቃል። ከተቀባያችሁ ማኅተም ያለበት የጥሪ ደብዳቤ አስልኩና አንዱን ኮፒ ከፓስፖርታችሁ ጋር ያዙ።

ደሴ የራሷ ኤርፖርት የላትም፤ አውሮፕላኑ የሚያርፈው ኮምቦልቻ ነው። በመኪና ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መንገዱ በደብረ ብርሃን፣ ጣርማ በር፣ ሸዋ ሮቢትና ከሚሴ አድርጎ ኮምቦልቻ ይገባል፣ ከዚያ በሐረጎ ዳገት ወደ ደሴ ይወጣል። የመንገዱ ፀጥታ ከሳምንት ሳምንት ሊለዋወጥ ስለሚችል ትኬት ከመቁረጣችሁም፣ ከአዲስ አበባ ከመነሣታችሁም በፊት ደሴ ያለ ሰው ደውላችሁ ጠይቁ። «ሰላም ነው» ብሎ መስማማት ቀላል ነውና «ትናንት ከአዲስ አበባ የተነሣው አውቶቡስ በስንት ሰዓት ገባ?» ብላችሁ ለይታችሁ ጠይቁ። መልሱ ጥርት ያላለ ከሆነ ጉዞውን አዘግዩ።

ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች። ከባሕር ጠለል አጠገብ የመጣ ሰው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ቀናት ጦሳ ተራራ ላይ ዶማ አያንሣ፤ ራስ ምታትና ትንፋሽ ማጠር ይይዘዋል። እነዚያን ቀናት ቦታ በማየትና ችግኝ በመቁጠር አሳልፉ። ደሴ ክረምት ላይ ጭጋግና ብርድ ነው፣ ወፍራም ሹራብ ያስፈልጋል። ኮምቦልቻ ወረድ ስለምትል የወባ ነገር አለ፤ ከመምጣታችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ፣ አጎበር ውስጥ ተኙ።

ይዛችሁ ከምትመጡት ውስጥ ዋናው እግራችሁን የለመደ ቡት ጫማ፣ ወፍራም የቆዳ ጓንትና ዝናብ የማያስገባ ካፖርት ነው። ዶማና አካፋ እዚሁ ይገዛል፤ ከባድ ዕቃ ሻንጣ ውስጥ አትክተቱ። ዘር፣ ቁራጭ ግንድ ወይም አፈር ከውጭ በፍጹም አታምጡ። የቤታችሁ ጓሮ ዛፍ የቱንም ያህል ቢያምር እዚህ ወራሪ ወይም የበሽታ ተሸካሚ ሊሆን ይችላል፤ ያለ ኳራንቲን ፈቃድ ማስገባትም ክልክል ነው። የጫማችሁንም ጭቃ አጥባችሁ ኑ።

ተቀባዩን መመርመር

የሚቀበላችሁ ማኅበር፣ ክበብ ወይም የዩኒቨርሲቲ ክፍል ሊሆን ይችላል። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢው ደሴ፣ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ደግሞ ኮምቦልቻ ነው። ማንም ይሁን፣ ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁት። ቦታው የማን ይዞታ ነው? ከተማ አስተዳደሩ ውስጥ ነው ወይስ ደሴ ዙሪያ ወይም ቃሉ ወረዳ ውስጥ? የቀበሌውና የግብርና ጽሕፈት ቤቱ ደብዳቤ አለ? ዓምና የተተከለው ስንቱ ጸደቀ? የጥበቃው ደመወዝ ከየት ይመጣል፣ እስከ መቼ? ሣሩን ማን ያጭዳል?

አምስተኛውና ስድስተኛው ላይ የሚንተባተብ ተቀባይ ሌላውንም አላሰበበትም። የጽድቀት መጠን ጠይቃችሁ «መቶ በመቶ» የሚል መልስ ካገኛችሁም ተጠራጠሩ፤ የቆጠረ ሰው እንዲህ አይልም። «ከመቶው ስልሳው አለ፣ ላይኛውን ጎን ውርጭ መታው» ያላችሁ ግን ቦታውን ረግጦ ያየ ነው፣ አብራችሁት ሥሩ።

ስለ ገንዘብ አንድ ነገር። ለቲሸርትና ለባነር የሚወጣው ለጥበቃና ለዶማ ቢወጣ ብዙ ጊዜ ትርፉ የበለጠ ነው። ባነሩ ዝናብ ላይ አንድ ቀን አይቆይም፣ የጥበቃው ደመወዝ ግን በጋውን ያሻግራል።

ምን ዛፍ፣ የት

ደሴ በጦሳና በአዝዋ ገደል መካከል ተቀምጣ፣ ቦርከና መሐሏን ሰንጥቆ ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት በዛፍ ምርጫ ላይ ትልቅ ነው፤ ደሴ ላይ የሠመረው ሁሉ ኮምቦልቻ ላይ አይሠምርም።

ለደሴ ጎኖች የሐበሻ ጥድ፣ ወይራና ኮሶ ይስማማሉ። ኮሶ ፈጥኖ ይነሣል፣ ነገር ግን ጥላ አይወድም፣ ከትልልቅ ዛፍ ሥር አታስገቡት። ወይራ ድርቅ ይችላል፣ አዝጋሚ ነው፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ጉልበት ላይ ሳይደርስ ሊቆይ ይችላል፣ ያን ጊዜ ሁሉ ለፍየል አፍ ይመቻል። ጥድ በዕድገት ፍጥነቱ በሁለቱ መሐል ነው። ትሪ ሉሰርን በደጋው ጥሩ መኖ ስለሆነ እርከን ጫፍ ላይ ብታስገቡት ገበሬው ራሱ ይጠብቀዋል። ዝግባ ከልጅነቱ ጥላ ይችላል፣ ሸለቆና ረጠብ ያለ ቦታ ስጡት።

ወደ ኮምቦልቻ ዝቅ ስትሉ ዋንዛ፣ ወይራ፣ ብሳናና ግራር ይመረጣሉ። ዋንዛና ግራቪሊያ ውርጭ ይመታቸዋል፤ ደሴ ላይ ኅዳርና ታኅሣሥ ገና ለጋ ሳሉ ይቃጠላሉ። ኮሶን ደግሞ ወደ ኮምቦልቻ አታውርዱ። ዮጎፍ ተራራ ላይ የቀረውን የተፈጥሮ ደን አይታችሁ ጥድና ወይራ እንዴት አብረው እንደሚበቅሉ ብታስተውሉ ከብዙ ማብራሪያ ይሻላል።

ባሕር ዛፍን የሚመለከተውን ክርክር ሰው ማንሣቱ አይቀርም። በምኒልክ ዘመን የገባ ዛፍ ነው፤ ለገበሬው ማገዶም፣ ማገርም፣ የችግር ቀን ገንዘብም ነውና «አትትከሉ» ብሎ መስበክ የእንግዳ ሥራ አይደለም። ነገር ግን ለተራራ ማገገሚያ አትትከሉት። ከሥሩ ሣር አይበቅልም ማለት ይቻላል፣ ምንጭ አጠገብ ከተተከለም ውሃውን ይጠጣዋል። ቦርከና ዳር ያለው ቦረቦር ላይም ዛፍ ብቻውን አይበቃም፤ ቁልቁል የሚወርደውን ውሃ ጉልበት በድንጋይ ክትር ሳይሰብሩ ሥር መስደጃ የሚሆን አፈር የለም። ቦረቦሩ ሰፋብኝ ከማለት በፊት ከላይ ያለውን ጎን ሥሩ።

መስመር ማውጣት

ተዳፋት ላይ መስመር የሚወጣው በዓይን አይደለም። ኮንቱሩ፣ ማለትም በአንድ ከፍታ ላይ የሚሄደው መስመር፣ ከተዛባ ውሃው አንድ ቦታ ተጠራቅሞ ጉድጓዱን ሁሉ ጠርጎ ይወስዳል። ኤ ፍሬም ራሳችሁ ሥሩ፤ ሁለት ቀጥ ያሉ 2 ሜትር እንጨቶች፣ ከታች እግሮቻቸው 2 ሜትር ተራርቀው ጫፋቸው ላይ ይታሠሩ፣ መሐላቸው ላይ አግድም እንጨት ይመታ። ከጫፉ በሲባጎ ድንጋይ አንጠልጥሉ።

ከመጠቀማችሁ በፊት አስተካክሉት። ሁለቱን እግሮች የሚያሳርፉባቸው ሁለት ካስማዎች ትከሉ፣ ሲባጎው አግድሙን እንጨት የሚነካበትን ቦታ በቢላ ምልክት አድርጉ። ከዚያ ፍሬሙን አዙሩና እግሮቹን በተለዋወጡበት ቦታ ላይ አሳርፋችሁ እንደገና ምልክት አድርጉ። የሁለቱ ምልክቶች መሐል እውነተኛው ነው፤ ሲባጎው እዚያ ላይ ሲያርፍ ሁለቱ እግሮች በአንድ ከፍታ ላይ ናቸው ማለት ነው። ነፋስ ካለ ድንጋዩን ከበድ አድርጉት። ይህን 10 ደቂቃ የዘለለ ቡድን ሁለት ሰዓት ያጠፋል።

ጉድጓድ

እዚህ ላይ ቀስ በሉ። ዘንድሮ የሞተ ችግኝ ብዙ ጊዜ ያለቀለት በጉድጓዱ ነው።

መጠኑ 40 በ40፣ ጥልቀቱ 40 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ ኮምቦልቻ አካባቢ ባለው ደረቅና ድንጋያማ ጎን እስከ 50 አውርዱት። ላይኛውን ጥቁር አፈር ወደ ላይ በኩል፣ ታችኛውን ወደ ታች በኩል ለዩ። ሁለቱን አንድ ክምር ካደረጋችኋቸው በኋላ መለየት አይቻልም። ግድግዳው ቀጥ ይበል፣ ታቹም አይጥበብ፤ ወደ ታች እየጠበበ የሚሄድ ጉድጓድ ሥሩን ሰብስቦ ያንቀዋል። ጠርዙን ዶማ ከመታው የሚያብረቀርቅ ልስን ይሠራል፣ በተለይ ሸክላ አፈር ላይ፤ በዶማው ጫፍ ጫር ጫር አድርጉት፣ አለበለዚያ ሥሩ ልስኑን አይወጋም።

ከጉድጓዱ በታች በኩል በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ከአፈርና ከድንጋይ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ግድብ አንሡ። ከላይ የሚወርደውን ውሃ ይይዛል። ዋልካ በሚባለው ጥቁር ሸክላ አፈር ላይ ግን ተጠንቀቁ፤ ጉድጓዱን በውሃ ሞልታችሁ በማግሥቱ እዩት። ሳይሰርግ ከቆየ ግድቡን በአንድ በኩል ክፈቱለት ወይም ቦታ ለውጡ። ችግኝ በውሃ ጥማት ብቻ ሳይሆን በመታፈንም ይሞታል።

የተቆፈረው ቢያንስ ሁለት ሦስት ሳምንት፣ ቢቻል ወር ክፍቱን ይቆይ፤ ዝናብና ፀሐይ አፈሩን ያላሉታል።

ስሌቱን እንዲህ አድርጉ። ዛፎቹን በ2.5 ሜትር ርቀት ብታራርቁ አንድ ሄክታር 1,600 ጉድጓድ ይፈልጋል፤ በ2 ሜትር ከሆነ 2,500፣ በ3 ሜትር 1,111። አንድ ሰው በቀን 15 ጉድጓድ ከቆፈረ በቂ ነው፣ 50 ችግኝ ደግሞ በደንብ መትከል ይችላል። ስለዚህ 20 ተማሪ 1,600 ጉድጓድ ለመቆፈር ከ5 ቀን በላይ ይፈጅበታል፣ ለመትከሉ ግን ሁለት ቀን አይሞላም። አንድ ሳምንት ብቻ ያለው ቡድን አንድ ሄክታር ከማለም ይልቅ ግማሹን ደህና አድርጎ ቢሠራ ይሻላል። ድንጋያማ መሬት ከሆነም 15ቱን ወደ 10 አውርዱ፣ ራሳችሁን አታታልሉ።

ችግኙን ማመላለስ

ችግኝ ጣቢያ ሄዳችሁ ራሳችሁ ምረጡ። ቁመቱ ከ25 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር፣ ግንዱ እርሳስ ያህል ባይደርስም ቀጥ ያለና ጠንካራ፣ ቅጠሉ ቢጫ ያልሆነ ይሁን። ረጅምና ቀጭን ጥላ ስር ያደገ ነው፤ ሜዳ ላይ ሲወጣ ይተኛል። ከመነሣቱ ሦስት አራት ሳምንት በፊት ውሃው ቀንሶለት፣ ጥላው ተነሥቶለት መጠንከሩን ጠይቁ። ጥድ ጣቢያ ውስጥ ከዘጠኝ ወር በላይ ይፈልጋልና የዚህን ክረምት ጥድ በግንቦት ማዘዝ አይቻልም።

አንድ ቱቦ እርጥብ አፈሩን ይዞ ከግማሽ ኪሎ እስከ አንድ ኪሎ ሊመዝን ይችላል። 20 ችግኝ ይዞ ጦሳን መውጣት ማለት ከ10 እስከ 20 ኪሎ ማለት ነው። በሳጥን ወይም በባሬላ ይሸከም፣ በጆንያ አይታጎር። በግንዱ አትያዙት፤ ከሥር ከቱቦው ደግፉት። ግንዱን ስትጎትቱ ሥሩን የያዘው አፈር ይሰነጠቃል፣ የሚታዩት ቅጠሎች ደህና ይመስላሉ፣ ጥቃቅኖቹ ሥሮች ግን ተበጥሰዋል። በዋዜማው ማታ ውሃ አጠጡት። መኪና ላይ ቆሞ ተሰድሮ፣ ሸራ ተሸፍኖ ይምጣ፤ ነፋስ ቅጠሉን ያደርቀዋል። የተረፈውን ጥላ ስር አስቀምጡ፣ ውሃ እያጠጣችሁ ከሦስት ቀን በላይ አታሳድሩት።

ቆጠራው ላይ 10 በመቶ ትርፍ አምጡ። የሚሰበር፣ የሚፈርስ ይኖራል።

መትከል

ሁለት ሁለት ሆናችሁ ሥሩ፤ አንዱ ይዞ ያስተካክላል፣ ሌላው አፈር ይመልሳል። ለአራት ጥንድ አንድ አመላላሽ ይበቃል።

ጥቁሩን አፈር ከደረቀ የበሰለ ፍግ ጋር፣ ለአንድ ጉድጓድ አንድ ሁለት ኪሎ ያህል፣ አደባልቃችሁ ከታች መልሱ። ያልበሰለ ፍግ ይቃጠላል፣ ምስጥም ይጠራል፤ በተለይ ኮምቦልቻ በኩል። ከዚያ ምላጭ ያዙ። የቱቦውን ታች አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ከነተጠማዘዘው ሥር ቆርጣችሁ ጣሉ። እዚያ የተጠቀለለው ሥር እንደ ዙር ገመድ ራሱን እየዞረ ስለሚያድግ ዛፉ ከሦስት አራት ዓመት በኋላ በራሱ ሥር ይታነቃል። ጎኑን ከላይ እስከ ታች በአንድ ስንጥቅ ክፈቱት፣ ላስቲኩን ላጡ፣ አፈሩ ሳይበተን በሁለት እጅ ያዙት።

ጉድጓዱ ውስጥ አቁሙት። ግንዱና ሥሩ የሚገናኙበት አንገት ከመሬቱ እኩል ወይም ጣት ያህል ብቻ ዝቅ ይበል። ጥልቅ ከገባ አንገቱ ይበሰብሳል፣ ወደ ላይ ከወጣ ሥሩ ይደርቃል። አፈር ጨምሩ፣ በእጅ ጫኑ፣ እንደገና ጨምሩ፣ ከዚያ በተረከዝ በዝግታ እርገጡ። ቅጠሉን በሁለት ጣት ያዝ አድርጋችሁ ሳብ ብትሉት መውጣት የለበትም፤ ከወጣ ውስጡ ባዶ አየር አለ ማለት ነው፣ እንደገና እርገጡ። ሣር ካለ እጅ ሙሉ ያህል ሣር ግንዱን ሳይነካ በዙሪያው አልብሱት።

ላስቲኩን ማንም አይጣል፣ ማንም አይትከል። በየማምሻው የተሰበሰቡትን ላስቲኮች ቁጠሩ፤ 400 ችግኝ ተተክሎ 360 ላስቲክ ከተገኘ 40 ችግኝ ከነላስቲኩ ተቀብሯል ማለት ነው፣ ሥሩ መውጣት አይችልም። ወዲያውኑ የዚያን ቡድን መስመር ሂዱና ፈትሹ። ይህ ቆጠራ ከማንኛውም ተቆጣጣሪ ይበልጣል፣ ማንንም ሳያሳፍር ስሕተቱን ያሳያል።

ከሰው ጋር

በዕድሜ የገፉትን «አንቱ» ወይም «እርስዎ» በሉ። ገበሬውን ጋሼ ወይም አያ፣ እናትየዋን እትዬ፣ ሼህ የሆኑትን ሼህ ብላችሁ ጥሩ። «አብሽር» ሲሏችሁ ሊያበረታቱ ነው። ቤት ገብታችሁ ቡና ከቀረበ አቦሉን ጠጥታችሁ መነሣት ትንሽ ያሳፍራል፤ ስለዚህ በሥራ መሐል ሳይሆን ሲጨረስ ግቡ። ልጆች ሊያግዙ ይመጣሉ፤ ፎቶ ከማንሣታችሁ በፊት ወላጃቸውን አስፈቅዱ። ጥበቃው ማን እንደሆነ ስሙን ጠይቃችሁ ያዙ፣ ከእሱ ጋር ያላችሁ ዝምድና የተከላችሁትን ያኖረዋል።

ስለ ግጦሽ ስታወሩ «ፍየላችሁን እሰሩ» ብላችሁ አትጀምሩ። ቦታው ከተከለለ ሣሩ ያድጋል፤ ሣሩን አጭዶ ማብላት ልቅ ግጦሽን ይተካል፣ ወተቱም ይሻሻላል። ሣሩ የሚታጨደው በማን፣ በየትኛው ሳምንት፣ በምን ያህል እንደሆነ በቀበሌው ስብሰባ ላይ ተጽፎ ካልተወሰነ አጥሩ አይከበርም። ይህን ውሳኔ ግብርና ባለሙያው ይጠራል እንጂ ከውጭ የመጣ ተማሪ አይመራውም፤ እናንተ የምታደርጉት መጠየቅና ማዳመጥ ነው።

ጥንቃቄ

ክረምት ላይ ዝናቡ የሚከብደው አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ጀምሩ፣ 7 ሰዓት ሳይሞላ ከተራራው ጫፍ ውረዱ። ነጎድጓድ ከጀመረ ዶማውን አስቀምጡ፣ ብቸኛ ዛፍ ሥር አትጠለሉ። ደሴ የመሬት መንሸራተት ያለባት ከተማ ናት፤ ከከባድ ዝናብ በኋላ በቦረቦር አፋፍ ላይ አትቁሙ፣ የተሰነጠቀ መሬት ካያችሁ ከታችም ከላይም ራቁ። በ2014 በአካባቢው ውጊያ ስለነበር ስትቆፍሩ ወይም ቁጥቋጦ ስትመነጥሩ ያልታወቀ ብረት ካጋጠማችሁ አትንኩ፣ በዶማ አትሞክሩ፣ ቦታውን ምልክት አድርጋችሁ ወደኋላ ተመልሳችሁ ለፖሊስ ንገሩ።

ከሄዳችሁ በኋላ

ከመሄዳችሁ በፊት ለተቀባያችሁ ሦስት ነገር አስረክቡ፦ የቦታውን ካርታ ከመጋጠሚያ ነጥቦቹ ጋር፣ የተተከለውን በዝርያ የተለየ ቁጥር፣ የቆጠራ ክቦቹን። ክቡ እንዲህ ይሠራል። በቦታው ላይ በዘፈቀደ አምስት ነጥብ ምረጡ፣ እያንዳንዱ ላይ ካስማ ትከሉና በቀለም ቁጥር ጻፉ። ከካስማው 5 ሜትር ከ64 ሳንቲ ሜትር ሲባጎ ይዞ የሚዞር ሰው 100 ካሬ ሜትር ያጠቃልላል። በ2.5 ሜትር ርቀት ከተተከለ በአንድ ክብ ውስጥ 16 ያህል ችግኝ ይገኛል። ሁሉንም መቁጠር ሳያስፈልግ የአምስቱ ክብ ድምር ያለውን ሁኔታ ያሳያል።

የመጀመሪያው ቆጠራ ጥቅምት ላይ ነው፤ ያኔ የሞተ በአብዛኛው በተከላ ስሕተት የሞተ ነው። ሁለተኛው ሰኔ መግቢያ ላይ ነው፤ በዚያ የሚገኘው ልዩነት የበጋው፣ የውርጩና የፍየሉ ነው። ሁለቱን ቁጥር ለይታችሁ ከያዛችሁ ለሚቀጥለው ዓመት ጥረቱ የት እንደሚሻል ታውቃላችሁ።

በመስከረም እያንዳንዱ ችግኝ በግማሽ ሜትር ዙሪያ ይታረም። ክረምት ላይ የበቀለው አረም ቀድሞ ውሃውን ይወስዳል። ደሴ ላይ ለጋ ችግኞችን ኅዳር ሲገባ በሣር ጥላ ማልበስ ከውርጭ ይታደጋል። ውሃ ማጠጣት መኪና ወይም ምንጭ ያለበት ቦታ ብቻ የሚሆን ነገር ነው፤ ጦሳ ላይ ለሺህ ችግኝ ውሃ ተሸክሞ መውጣት ሐሳብ ብቻ ነው፣ ይልቅ በጥሩ ጉድጓድና በወቅቱ በመትከል ላይ አተኩሩ።

በጥቅምቱ ቆጠራ የጎደለውን ጥድና ወይራ ለመተካት ትዕዛዙ ወዲያው በዚያው ጥቅምት ለችግኝ ጣቢያው ይድረስ። እስከ ጥር ከዘገየ ለሚመጣው ሐምሌ ችግኙ አይደርስም፤ ያኔ ጣቢያው የሚሰጣችሁ ያለውን ነው፣ ያለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ባሕር ዛፍ ነው።